የላስታ ካሴቶችና ያገለገለው ፓች ቤይ

ወሎ ሲነሳ ቅኝቱ አብሮ ይነሳል። ባቲም ሆነ አምባሰል የቅኝት ስም ብቻ ሳይሆኑ የወሎ ምድር ስሞች ናቸው። ላስታ ደግሞ በዚህ ላይ የራሱን ይጨምራል። በገና ዕለት ላሊበላ ላይ በቤተ ማርያም ካህናቱ ግማሾቹ ከዐለቱ አፋፍ፣ ግማሾቹ ከታች ከግቢው ቆመው «ቤዛ ኩሉ»ን ሲቀባበሉ የሰማ ሰው ድምፁ ከጆሮው አይወጣም። ጎሕ ሳይቀድ በየሰው ደጅ ቆመው የሚያዜሙትና የሚመርቁት «ላሊበሎች» ወይም «አሚናዎች» የምንላቸው ሰዎችም የቦታውን ስም ይዘው አገር ላገር ይዞራሉ። ይህን ሁሉ ስናወራ ደስ ይለናል። አንድ ጥያቄ ግን ሳንጠይቅ እናልፋለን። ይህ ሁሉ ድምፅ የት ተቀምጧል?

ከፊሉ ውጭ አገር ነው። ለንደን በሚገኘው ሆርኒማን ሙዚየም ትሠራ የነበረችው ጂን ጄንኪንስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መቅረፀ ድምፅ ተሸክማ አገራችንን ዞራ የቤተ ክርስቲያን ዜማም የገጠር ዘፈንም ቀርጻለች፤ ሥራዋ ታትሞ የወጣው በአውሮፓ ነው። ከፊሉ በሬዲዮ ጣቢያዎች መደርደሪያ ላይ ነው። ከፊሉ በሸክላ ላይ ነው፤ አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሐ ሪከርድስን ሲጀምር የተከፈተው የሸክላ ዘመን ግን አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ በካሴት ተተካ። እንግዲህ የቀረው፣ ምናልባትም ብዙው፣ በካሴት ላይ ነው። እነ ማሪቱ ለገሰን ያፈራው የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ዘመን የካሴት ዘመን ነበር። በየሠርጉ፣ በየለቅሶው፣ በየማኅበሩ በትንሽ ቴፕ የተቀዳው ፉከራ፣ ሽለላ፣ ሙሾና ዝማሬ ዛሬም በየሰው ቤት በካርቶን ውስጥ ተቀምጧል።

ካርቶኑ ደግሞ እየሳሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ጦርነቱ ላስታ ሲደርስና ላሊበላ በወራት ውስጥ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ስትገለባበጥ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ደግሞ ውጊያው ወደ ከተማዋ ሲመለስ፣ ነዋሪው ብዙ ነገር ጥሎ ሸሽቷል። ሰው ሲሸሽ ልጁን እንጂ የካሴት ካርቶን አይሸከምም።

ይህን ያህል ያንደረደረኝ አንድ የሥጋ ዘመዴ ነው። ላሊበላ ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ይዞ የሰዎችን ካሴት ወደ ኮምፒዩተር ያዘዋውራል፤ ማሲንቆ የሚጫወት ወይም መዝሙር የሚያዜም ሲመጣም ይቀርጻል። ባለፈው ዓመት ስልክ ደወለና «ጋሼ፣ ከውጭ አገር ያገለገለ ፓች ቤይ አግኝቻለሁ፤ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» አለኝ። እኔ በሙያዬ የሕግ ሰው ነኝ። ነገር ግን በተማሪነቴ በኪነት ቡድን ውስጥ ሽቦ ስጎትት ያደግሁ ነኝና ነገሩ ከዚያ ወዲህ አልተለየኝም። የዛሬው ጽሑፌ ለእሱ የሰጠሁት መልስ ነው። በየከተማው ትንሽ ስቱዲዮ የሚከፍቱ ወጣቶች ስለበዙ ለእነሱም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ፓች ቤይ ምንድን ነው?

የዕድሜ እኩዮቼ የድሮውን የስልክ ኦፕሬተር ያስታውሳሉ። በየአውራጃው ከተማ አንድ ሰሌዳ ነበር፤ ሰሌዳው ላይ በረድፍ የተበሱ ቀዳዳዎች ነበሩ፤ ኦፕሬተሯ ጫፉ ስፒና የሆነ አጭር ገመድ ይዛ የደዋዩን ቀዳዳ ከተደዋዩ ቀዳዳ ታገናኛለች። ፓች ቤይ ማለት ይኸው ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ከስልክ ቤት ወደ ሬዲዮ ጣቢያና ወደ ሙዚቃ ስቱዲዮ ገባ። ዛሬ በጊታር ገመድ ጫፍ ላይ የምናየው 6.35 ሚሊ ሜትር ስፒና ራሱ የተወለደው በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ለስልክ ሰሌዳ ተብሎ ነው።

ሥራው ቀላል ነው። በስቱዲዮው ውስጥ ያለው መሣሪያ ሁሉ፣ ካሴት ማጫወቻው፣ ሚክሰሩ፣ የኮምፒዩተሩ የድምፅ ካርድ፣ መግቢያና መውጫው በጀርባ በኩል አንድ ጊዜ ወደ ሰሌዳው ይዘረጋል። ከዚያ በኋላ ባለሙያው ከመሣሪያ ጀርባ አይንበረከክም። ከፊት ለፊት በአጭር ገመድ ይህን ከዚያ ያገናኛል። በተለመደው አሠራር የላይኛው ረድፍ ከመሣሪያ የሚወጣው ድምፅ ነው፤ የታችኛው ረድፍ ወደ መሣሪያ የሚገባው ነው።

እዚህ ላይ «ኖርማል» የሚባለውን ነገር መረዳት ያስፈልጋል። አብዛኛውን ጊዜ ካሴት ማጫወቻው መሄድ ያለበት ወደ ድምፅ ካርዱ ከሆነ በየቀኑ ገመድ መሰካት ምን ያደርጋል? ስለዚህ ምንም ሳይሰካ የላይኛው ቀዳዳ ከሥሩ ካለው ጋር በውስጥ በኩል በምላስ መሳይ ብረት ይገናኛል። ይህ ኖርማል ነው። ሙሉ ኖርማል ከሆነ ከላይም ሆነ ከታች ስፒና ሲገባ ግንኙነቱ ይቋረጣል። ግማሽ ኖርማል ከሆነ ከታች ሲሰካ ብቻ ይቋረጣል፤ ከላይ ሲሰካ ድምፁ ወደ ቀድሞው መንገዱም ወደ አዲሱም ይሄዳል። ኖርማል ያልሆነ ደግሞ ካልተሰካ የማይገናኝ ነው። ለካሴት ሥራ የምመርጠው ግማሽ ኖርማልን ነው፤ ቅጂው ሳይቋረጥ ድምፁን በሌላ በኩል ለማዳመጥ ያስችላልና።

በእርግጥ ያስፈልጋል?

ለሁሉም አያስፈልግም። ሁለት ማይክና አንድ ኮምፒዩተር ብቻ ያለው ሰው ፓች ቤይ ቢገዛ ብልሽት መግዛቱ ነው፤ የተጨመረ መገናኛ ሁሉ የተጨመረ የችግር በር ነውና። ስለዚህ ዘመዴን መጀመሪያ ያዘዝኩት ወረቀትና እርሳስ ይዞ እንዲቆጥር ነው። ቆጠረ። ሁለት ካሴት ማጫወቻ በስቴሪዮ መግቢያና መውጫ 8 መስመር ነው። አንድ የክር ቴፕ 4። የሸክላ ማጫወቻው 2። ስምንት መግቢያና ስምንት መውጫ ያለው የድምፅ ካርድ 16። ከትንሹ ሚክሰር 12። ድምሩ 42 መስመር ይሆናል። ይህን ሁሉ በየቀኑ ከጀርባ መንቀልና መሰካት የመሣሪያውን ጃክ ማርጀት ነው። 42 መስመር ላለው ሰው ፓች ቤይ ቅንጦት አይደለም።

በካሴት ሥራ ላይ ደግሞ ተጨማሪ ምክንያት አለ። ካሴት ማለት የብረት ኦክሳይድ ዱቄት በሙጫ የተለጠፈበት ቀጭን ፕላስቲክ ነው። ሙጫው ሲያረጅ ዱቄቱ እየረገፈ በማጫወቻው ጭንቅላት ላይ ይቀራል። ክሩን ወደ ጭንቅላቱ የሚጫነው ትንሽ ስፖንጅ ተነቅሎ ይወድቃል። ሠላሳና አርባ ዓመት የተቀመጠ ካሴት አንድ ጊዜ በደንብ ሊነበብ ይችላል፤ ሁለተኛው ንባብ ግን ዋስትና የለውም። ታዲያ በዚያች አንድ ንባብ መካከል ከፓች ቤዩ የዛገ ቀዳዳ «ቅርጭ» የሚል ድምፅ ቢገባ ወይም የግራው ቻናል ድንገት ቢጠፋ፣ የጠፋው የአንድ ደቂቃ ቅጂ ብቻ አይደለም። ነገሩ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆናል። ለዚህ ነው ትንሿን ቀዳዳ እንደ ዋና ነገር የምቆጥራት።

ሰልባጅ ሲገዛ ምን ይታያል?

አዲስ ፓች ቤይ ከታወቁት ሠሪዎች፣ ከአሜሪካው ስዊችክራፍት ወይም ከእንግሊዙ ሞሰስ ኤንድ ሚቼል፣ ሲገዛ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ያስወጣል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏልና ይህ ለላሊበላ ልጅ የሚደፈር አይደለም። በውጭው ዓለም ግን ስቱዲዮዎች ወደ ኮምፒዩተር ሲዞሩ፣ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ዕቃ ሲቀይሩ፣ እነዚህ ሰሌዳዎች በርካሽ ይሸጣሉ። ዘመድ ያለው ሰው ያስመጣል። ሰልባጅ መልበስ ነውር እንዳልሆነ ሁሉ ሰልባጅ ፓች ቤይ መግዛትም ነውር የለበትም። ግን እንደ ሰልባጅ ልብስ ገልብጦ ማየት ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ የቀዳዳው ዓይነት። በስቱዲዮ ዓለም ሦስት ዓይነት ይገኛል። የመጀመሪያው 4.4 ሚሊ ሜትር የሆነው «ባንታም» ወይም «ቲቲ» የሚባለው ነው፤ በአንድ ሰሌዳ ላይ 96 ቀዳዳ ይይዛል። ሁለተኛው በየሙዚቃ ዕቃ መደብሩ የምናውቀው ተራው 6.35 ሚሊ ሜትር ነው፤ ብዙ ጊዜ 48 ቀዳዳ አለው። ሦስተኛው ከስልክ የመጣው የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ዓይነት ነው፤ ውፍረቱ 6.35 ሆኖ ጫፉ ግን ከተራው ያነሰ ነው። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ተራውን ስፒና በዚህ ቀዳዳ ውስጥ በግድ የሰካ ሰው ውስጡን ያለውን ምላስ ያጣምመዋል፤ ከዚያ በኋላ ትክክለኛው ስፒና ሲገባ አይይዝም። ስለዚህ አጫጭር ገመዶቹ ከሰሌዳው ጋር አብረው መሸጣቸውን ይጠይቁ። ለባንታም የሚሆን ገመድ አዲስ አበባ ላይ መርካቶን ቢዞሩ በቀላሉ አያገኙም።

ሁለተኛ፣ ጀርባው። አንዳንዱ ሰሌዳ ሽቦ በቀጥታ የሚበየድበት ነው። አንዳንዱ ጀርባው ላይ ባለ ብዙ እግር ትልልቅ ኮኔክተር አለው፤ የእነዚህ ኮኔክተሮች ሌላኛው ግማሽ ከሌለ ሰሌዳው የበር ቁልፍ ያለ በር ነው። ዘመዴ ላይ የደረሰው ይህ ነው። ሻጩ፣ ስሙ ይቆየን፣ «ሙሉ ነው» ብሎ የላከው ሰሌዳ ሲመጣ የጀርባው ገመድ በመቁረጫ ከሥሩ ተቆርጦ፣ የቀረው ቁራጭ ከአንድ ጣት የማይበልጥ ነበር። ቁራጩ ቢያንስ አንድ ክንድ ቢሆን ኖሮ እንደገና ለመቀጠል በተመቸ ነበር። ስለዚህ የጀርባውን ፎቶ ሳያዩ ገንዘብ አይላኩ።

ሦስተኛ፣ የኖርማሉ ምላስ። በአሮጌ ፓች ቤይ ላይ መጀመሪያ የሚበላሸው እሱ ነው። ለዓመታት ሳይነካ ሲቀር ይዝጋል። ምልክቱ የታወቀ ነው፤ ድምፅ ይጠፋል፣ ስፒና ሰክተው ሲነቅሉ ይመለሳል፣ በሳምንቱ ደግሞ ይጠፋል። ቴስተር ያለው ሰው የላይኛውን ጫፍ ከታችኛው ጫፍ ጋር ይለካ፤ ንባቡ ከ1 ኦም በታች ሆኖ ስፒና ገብቶ ከወጣ በኋላም የማይለወጥ መሆን አለበት። ቀዳዳ በቀዳዳ ይለካ እንጂ ሦስት ለክቶ «ሌላውም እንደዚሁ ነው» አይበል።

አራተኛ፣ ስለ ጽዳት። የዛገ ቀዳዳ የሚጸዳው ለኤሌክትሪክ መገናኛ በተሠራ ማጽጃ ፈሳሽና ለዚሁ በተዘጋጀ ማለስለሻ ስፒና ነው። በብርጭቆ ወረቀት የሚፈገፍጉ ሠራተኞች አይቻለሁ። ብርጭቆ ወረቀት ዝገቱን ብቻ ሳይሆን ከላይ የተለበጠውን ማዕድንም ልጦ ይወስዳል፤ ለአንድ ወር ይሠራና ከበፊቱ ብሶ ይዝጋል።

ሽቦውን እንደገና መዘርጋት

የቆየውን ሽቦ ለመጠቀም የሚሞክር ሰው ጊዜ የቆጠበ ይመስለዋል። ሰሌዳው የተዘረጋው ለሌላ ሰው ስቱዲዮ፣ ለሌላ ሰው ፍላጎት ነው። የእኔ ምክር ሁሉንም ነቅሎ ከዜሮ መጀመር ነው። ሒሳቡን አስቀድሞ ማወቅ ግን ተገቢ ነው። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ላይ ሦስት ነጥብ አለ፤ የስፒናው ጫፍ የሚነካው፣ ቀለበቱ የሚነካውና ግንዱ የሚነካው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ድምፁን ይሸከማሉ፤ ሦስተኛው የመከለያው ጥልፍ ሽቦ ነው። 96 በ3 ሲባዛ 288 የብየዳ ነጥብ ይሆናል። ለአንዱ ሁለት ደቂቃ ቢወስድ ወደ አሥር ሰዓት የሚጠጋ ሥራ ነው፤ የገመዶቹ ሌላኛው ጫፍ ገና አልተቆጠረም። በአንድ ሌሊት የሚጨርስ ሰው ካለ ሥራው አያስተማምንም።

ብየዳው ላይ ሦስት ነገር ይጠበቅ። ሽቦው አስቀድሞ ሊድ ይቅመስ፤ ከዚያ ነጥቡ ይሙቅ፤ ሊዱ ከካውያው ላይ ሳይሆን ከሞቀው ነጥብ ላይ ይቅለጥ። ቀዝቅዞ ደብዛዛና ጎርባጣ ሆኖ የቀረ ብየዳ ውሸት ነው፤ ዛሬ ያስተላልፋል፣ የክረምት እርጥበት ሲገባ ወይም ጠረጴዛው ሲነቃነቅ ይለቃል። በጣም ረጅም ጊዜ ማሞቅም የቀዳዳውን ፕላስቲክ ያቀልጣል።

ካሴት ማጫወቻዎችን በተመለከተ አንድ ልዩነት አለ። የቤት ማጫወቻ ድምፁን የሚያወጣው በሁለት መስመር፣ ማለትም በአንድ ሽቦና በመከለያው ነው። የስቱዲዮ ዕቃ ደግሞ በሦስት። ስለዚህ እስከ ሰሌዳው ድረስ ሁለት ሽቦና መከለያ ያለው ገመድ ይዘርጋ፤ ሁለተኛው ሽቦና መከለያው የሚገናኙት በማጫወቻው በኩል ባለው ጫፍ ላይ ይሁን። በዚህ መንገድ ነገ ማጫወቻው በተሻለ ቢቀየር ሰሌዳውን መንካት አያስፈልግም። የቤት ዕቃ ድምፅ ከስቱዲዮ ዕቃ በ12 ዴሲቤል ገደማ ዝቅ ያለ ስለሆነ በድምፅ ካርዱ ላይ መግቢያው ለዚያ ይስተካከል፤ «ፓች ቤዩ ድምፁን በላው» የሚለው ስሞታ ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው።

የማይክ መስመሮችን ግን ከዚህ ሰሌዳ ላይ ማራቅ ይሻላል። ብዙ ማይኮች የሚሠሩት በዚያው ሽቦ በሚላክ 48 ቮልት ነው። ስፒናው ወደ ቀዳዳው ሲገባ ለቅጽበት ሁለቱን መስመሮች ያጋጫል፤ በዚያች ቅጽበት 48 ቮልቱ በርቶ ከሆነ ስስ የሆነ ማይክ ሊጎዳ ይችላል። ማሲንቆውና ክራሩ የሚቀረጹበት ማይክ ከግድግዳው ሳጥን በቀጥታ ወደ ድምፅ ካርዱ ይግባ።

የግራውንድ ነገር

ሽቦው ሁሉ ተበይዶ ካለቀ በኋላ ስፒከሩ ሲከፈት «እምምም» የሚል ድምፅ ቢሰማ አትደንግጡ። የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው፤ የምትሰሙት ያው 50ው ወይም እጥፉ 100ው ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሁለት መሣሪያዎች በሁለት መንገድ ከመሬት ጋር ሲገናኙ፣ አንዴ በሶኬቱ አንዴ በመከለያው ሽቦ፣ በመካከላቸው ቀለበት ሲሠራ ነው። መፍትሔው መሣሪያውን ሁሉ ከአንድ ሶኬት በአንድ ጥሩ ዲቫይደር ማብራት፣ የሰሌዳውን ግራውንድ በአንድ ቦታ ብቻ ማሰር፣ የተጀመረውንም ሥርዓት እስከ መጨረሻው ቀዳዳ ድረስ አለመለወጥ ነው። አሮጌ ሰሌዳዎች ላይ የሁሉም ቀዳዳ ግንድ በአንድ ባዶ ሽቦ ተያይዞ ይገኛል። ይህን ሳያዩ እያንዳንዱን መከለያ እንደገና ማሰር ቀለበቱን በገዛ እጅ መሥራት ነው።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ ልናገር። ድምፁን ለማጥፋት ብላችሁ የመሣሪያውን የመሬት ሽቦ ከስፒናው ላይ አትቁረጡ። እምምታው ይጠፋል፤ ነገር ግን አንድ ቀን በመሣሪያው ውስጥ ሽቦ ቢፈታ 220 ቮልቱ በብረት ሽፋኑ ላይ ይቆማል። ማይክ የያዘው መዝሙረኛ ወይም ካሴት የሚሰካው ልጅ ነው የሚመታው። ለድምፅ ጥራት ተብሎ የሰው ሕይወት አይያዝም። በላስታ ከፍታ ላይ ክረምት ሲገባ መብረቅ እንግዳ አይደለምና ሰማዩ ሲጠቁርም ዲቫይደሩን ከግድግዳው ነቅሎ መጠበቅ ልማድ ይሁን።

ሕጉስ ምን ይላል?

ወደ ሙያዬ ልመለስ። ያገለገለ ዕቃ የገዛ ሰው መብት የለውም የሚል የተሳሳተ እምነት በገበያችን አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 2287 ጀምሮ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ከጉድለት ነፃ ስለመሆኑ ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል። ያገለገለ መሆኑ ይህን ዋስትና አያጠፋውም። ነገር ግን ሕጉ ለገዢም ግዴታ ይሰጣል። ዕቃው እንደደረሰ መመርመር፣ ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ስድስት ወር አስቀምጦ «ሲከፈት ተቆርጦ አገኘሁት» የሚል ገዢን ዳኛው አያዝንለትም። ስለዚህ በውሉ ላይ «96 ቀዳዳ፣ ባንታም፣ ከኮኔክተሮቹ ጋር፣ የጀርባ ገመዱ ይህን ያህል ርዝመት» ተብሎ ይጻፍ። «ሙሉ ነው» የሚል ቃል ፍርድ ቤት ሲደርስ ባዶ ቃል ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ጉዳይ ግን የካሴቱ ነው። አንድን ካሴት ወደ ኮምፒዩተር ማዘዋወር በላዩ ያለውን ድምፅ የአዘዋዋሪው አያደርገውም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተሻሻለው፣ ለደራሲው፣ ለከዋኙና ድምፁን ላሳተመው የየራሳቸውን መብት ይሰጣል፤ የከዋኙና የአሳታሚው ጥበቃ 50 ዓመት ይዘልቃል። የቅዱስ ያሬድ ዜማ የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ ያንን ዜማ በዚያ ቀን በዚያ ድምፅ ያዜሙት መሪጌታ ግን በክዋኔያቸው ላይ መብት አላቸው። አቀንቃኟ እናት ብታርፍ ልጆቿ አሉ። ስለዚህ ካሴቱን ያመጣው ሰው ማን እንደሆነ፣ የሚዘፍነው ማን እንደሆነ፣ ቅጂው ለቤተሰብ ብቻ ነው ወይስ ለሕዝብ እንዲለቀቅ ፈቅደዋል የሚለው በአንድ ገጽ ወረቀት ተጽፎ ይፈረም። ላስታ ድምፁን ለውጭ ሰው ሰጥቶ ስሙ እንኳ ሳይጻፍለት የቀረበት ጊዜ አለ እያልን ስናማርር፣ እኛው ራሳችን ያንኑ እንዳንደግመው።

ከሽቦው የሚበልጠው ወረቀት

ዘመዴ ሰሌዳውን ገዛው። የተቆረጠውን ገመድ ነቅለን፣ ከ96ቱ ቀዳዳዎች 11ዱ ምላሳቸው የማይታመን ሆኖ ስላገኘናቸው አተውናቸው፤ በላያቸው ላይ ቀይ ወረቀት ለጠፍንባቸው። በቀሩት 85 ላይ 42ቱ መስመሮች ገቡ፤ ለወደፊትም ቦታ ተረፈ። ሥራው ሁለት ሳምንት ፈጀ። ርካሽ የነበረው ዕቃ በጊዜና በሊድ ሲሰላ ያን ያህል ርካሽ አልነበረም፤ እንደዚያም ሆኖ ከአዲሱ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ «ልግዛ ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልሴ «ግዛ፤ ዋጋውን ግን ከሁለት ሳምንት ሥራ ጋር ደምረህ አስላው» የሚል ነው።

ሽቦው ሲያልቅ ግን እሱ አልቋል ብሎ ነበር። «ጋሼ፣ የቱ ወዴት እንደሚሄድ በጭንቅላቴ አለ» አለኝ። «አንተ ነገ አዲስ አበባ ብትሄድ ወይም ብትታመም፣ ወንድምህ በማን ጭንቅላት ሊሠራ ነው?» አልኩት። ሁለት ቀን ወስዶ ጻፈ። እያንዳንዱ ገመድ በሁለቱም ጫፍ ቁጥር ተለጠፈበት። በሰሌዳው ፊት በየቀዳዳው ሥር አጭር ስም በአማርኛ ሰፈረ። በአንድ ደብተር ላይ ቁጥሩ፣ ከየት ወዴት እንደሚሄድ፣ የኖርማሉ ዓይነት፣ የተበየደበት ቀን ተመዘገበ፤ ግልባጩ በሌላ ቤት ተቀመጠ።

ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የቤተ ክርስቲያናችን ዜማ ለብዙ ዘመን በቃል ሲወርድ ሲዋረድ ኖረ። በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በድጓው ፊደል አናት ላይ የዜማ ምልክት እንዲጻፍ ያደረጉት ዘመኑ የጦርነትና የመፈናቀል ዘመን በነበረበት ወቅት ነው። መምህሩ ቢሞት ዜማው አብሮት እንዳይቀበር ምልክቱ ቀረ፤ እስከ ዛሬም በላሊበላ ደብተራዎቹ ያንን ምልክት እያዩ ያዜማሉ። በ96 ቀዳዳ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው ቁጥር ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነገር ነው። ምክንያቱ ግን አንድ ነው።

አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለሽቦም ይሠራል። ካሴት ያላችሁ የላስታና የወሎ ልጆች ካርቶኑን ከጣሪያው ሥርና ከምድጃው አጠገብ አንሱት፤ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጡት፤ ለማጫወት አትጣደፉ። የሚያነበው እጅና የሚያሳልፈው ሽቦ መታመኑን መጀመሪያ ጠይቁ።

ቸር እንሰንብት።